የሁዳዴ ቁርስ

ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከእሳትና ድንገተኛ አደጋ ማሠልጠኛው፣ የሴቶች ማደሪያ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ወልደ ኢየሱስ
ጽጽቃ፣ ዝቋላ

አባየ፣ እንደምን ከረሙ? እናቴስ እግሯን ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ናፍቆቱም ቢሆን ቀን ቀን ጊዜ አያገኝም፤ ስንሮጥ ነው የምንውለው።

ምንዋጋው የሰቆጣውን አውቶቡስ ይዞ ሲመጣ ደብዳቤዎን ለጥበቃዎቹ ሰጥቶልኝ አገኘሁ። አልጋው ከመሬት ምን ያህል ይርቃል ላሉኝ፣ እርስዎ ጠምጥመው ቢቆሙ ጥምጥምዎ ፍራሼን ይነካዋል። የብረት መከለያ ስላለው አልወድቅም። ከሥሬ የምትተኛው ትግስት ትባላለች፤ የአርባ ምንጭ ልጅ ናት። "አንቺ ከወደቅሽ የምሞተው እኔ ነኝ" እያለች መከለያውን ማታ ማታ ነቅንቃ ትፈትሸዋለች። ስለዚህ አያስቡ።

እናቴ ለምን አትደውልም ብላ መቀየሟን ጽፈውልኛል። ስልካችንን በገባን ቀን ሰበሰቡት፤ መሠረታዊው ሥልጠና እስኪያልቅ አይመለስም። ደብዳቤ ግን አልከለከሉም። እኔ እንደሚመስለኝ ዛሬም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ ብለው አላሰቡም። እዚህ ላይ የመሪጌታ ልጅ መሆኔ ጠቀመኝ።

ጎህ ሳይቀድ ፊሽካ ይነፋል። እንቅልፋችንን ሳንጨርስ ቡትሳችንን አድርገን ለሰልፍ እንወጣለን። በመጀመሪያው ቀን ተራ በተራ ስንቆጥር የኔ ተራ ደረሰና ደንግጬ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ቆጠርኩ። አሠልጣኝ በእውቀቱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ "ይኼ ደግሞ ስንት ነው?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲደርስ ሰልፈኛው ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ውኃ የሞላው ቱቦ ደግሞ ቀንበር ያልለመደ ወይፈን ማለት ነው፤ ሁለት ሰው ካልያዘው ይጥላል። እኔንና ትግስትን ጥሎ ግቢውን ሁሉ አጥቦታል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎት። ልብስ የለበሰ፣ ሰው የሚያህል ከባድ አሻንጉሊት አለ። ጭስ ከሞላው ቤት ተሸክመን የምናወጣው እሱን ነው። ሲሸከሙት እጁም እግሩም ይንዘላዘላል እንጂ ምንም አያግዝም። መጀመሪያ ያነሳሁት ቀን ጎረቤታችን አያ ጓንጉል ሰርግ ቤት ጠላ አብዝቶ በሸክም ሲመጣ ትዝ አለኝና "ና እስቲ አያ ጓንጉል" አልኩት። አሁን መላው ሠልጣኝ እንዲያ ነው የሚጠራው። አደራ፣ ለባለቤቱ እንዳይነግሩብኝ።

የዋና ገንዳም አለ። ጥልቅ ነው። መሠረታዊው ሥልጠና ሲያልቅ ልብሳችንን እንደለበስን ገብተን አያ ጓንጉልን ከውኃው ማውጣት አለብን። ይህን ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ ደግሞ የማውቀው የኛን ወንዝ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ምክር ካለዎት ይጻፉልኝ፤ የርስዎ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጥሎኝ አያውቅም።

ልጅዎ እስከዳር


ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጽጽቃ

ይድረስ ለልጄ ለእስከዳር፣ ለእሳት አጥፊዋ

ሰላምታዬ ሰቆጣ ላይ አውቶቡስ ሳያመልጠው፣ በመንገድም ሳይቀንስ ይድረስሽ። እናትሽ እግሯን ተሽሏታል፤ ምላሷ ድሮም አልታመመም። "ልጄ እዚያ ምን ትበላለች?" እያለች ትጠይቀኛለች፤ እኔም የጎደለብኝ የለም ብለሽ የጻፍሽውን አነብላታለሁ፤ "እሱስ ለማስደሰት ነው" ትለኛለች።

አይዞሽ፣ እኔም ምልምል ነበርሁ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንጠልጥዬ ከቤት የወጣሁ ጊዜ ካንቺ በብዙ አንስ ነበር። ፊሽካ አልነበረም፤ የየኔታ ዱላ ነበር። አልጋም አልነበረም፤ ስለዚህ ከአልጋ የመውደቅ ሥጋት አልነበረብንም። ቁራሽ ለመለመን ስንወጣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያውቀን ነበር። ከዚያ ሕይወት የተማርሁት፣ ከጎንሽ የሚተኛውን ሰው አክብሪ፤ ትምህርቱ ያልቃል፣ እሱ ግን ዕድሜ ልክሽን ይተርፍሻል። ያቺን የአርባ ምንጭ ልጅ በኔ ስም እጅ ንሺልኝ።

አያ ጓንጉል ሰምቷል። የነገረችው እናትሽ ናት፤ እኔ የለሁበትም። ይቀየማል ብዬ ስፈራ እሱ ደረቱን ነፍቶ "አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ ከእሳት ያወጡኛል" እያለ ገበያውን ሞላው። ከባድ መሆኑን እንዳትክጂ ብሎሻል።

ጥምቀት እንዴት ዋለ ትዪ እንደሆነ፣ ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገብቷል። ከዚህ በላይ አልናገርም። ወረቡን ገና ሳላሞቀው አንድ ሰው መካከል ገብቶ "ረዘመ፣ ይብቃ፣ ሕዝቡን ፀሐይ መታው" ብሎ አቋርጦኛል። ስሙን አልጠራም። የነፍስ አባትሽ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መምሬ አሥራተ ማርያምና እኔ ስንተላለፍ ሰላምታ የምንሰጠው ለበቅሎዎቻችን ነው።

የውኃው ነገር አያስጨንቅሽ። እኛ ከጸበል ጋር ያደግን ሰዎች ነን፤ ውኃ አያሳፍረንም። ወደ ጸበል የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው አድርጊ፤ ማልደሽ ተነሺ፣ እህል ሳትቀምሺ ሂጂ፣ አማትቢ፣ ከዚያ ግቢ። ሆድ ባዶ ሲሆን ሰውነት ይቀላል፤ የቀለለ ነገር ደግሞ ይንሳፈፋል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ራሴ አስቤ የደረስሁበት ነው።

አባትሽ ወልደ ኢየሱስ


የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማሠልጠኛው

አባየ፣ እንኳን ለታላቁ ጾም በሰላም አደረስዎት። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ሰበብ አላጣሁም ነበር፤ ግን ለርስዎ ሰበብ መጻፍ አልወድም።

በመጨረሻው ደብዳቤዎ የውኃው ፈተና እንዴት ሆነ ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። እመልሳለሁ። በፊት ግን መሰላሉን ልንገርዎት። ከአራት ፎቅ በላይ ወጥተን ወደ ታች ስናይ ብዙ ሰው መሰላሉን አቅፎ ቀረ። እኔን "አትፈሪም እንዴ?" ሲሉኝ "አባቴ ቤት ለመድረስ በየቀኑ ከዚህ የባሰ ገደል ነው የምንወርደው" አልኳቸው። አሠልጣኝ በእውቀቱ ሳቀ። ከመጣን ወዲህ ሲስቅ ያየነው ያን ቀን ነው። ጭስ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አያ ጓንጉልን ከሁሉ ፈጥኜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይንገሩት፤ ይደሰታል። ከባድ መሆኑንም አልካድኩም።

ውኃውን በተመለከተ፣ ልክ እንዳሉኝ አደረግኩ። ማልጄ ተነሳሁ፣ አማተብኩ። እህል አልቀመስኩም፤ ሁዳዴም ስለገባ መቅመሱ አይታሰብም። እስከ ገንዳው መካከል ደህና ነበርኩ። አያ ጓንጉልን በልብሱ ያዝኩት። ከዚያ ዓይኔ ጭልም አለ። ቀጥሎ የማስታውሰው ዳር ላይ ተጋድሜ ትግስት ጉንጬን ስትመታኝ ነው። አያ ጓንጉልን ላወጣ ገብቼ ሁለታችንንም እሷ አወጣችን። አንድ ቀን ክሊኒክ አሳደሩኝ፤ ለዕረፍት ነው እንጂ ምንም አልሆንኩም። ለእናቴ ይህን ሲያነቡ ቶሎ ቶሎ ያንብቡላት።

አሠልጣኝ በእውቀቱ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ "ጠዋት ምን በላሽ?" አለኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት። እሱ ከዚያ በኋላ ያለውን ለርስዎ መጻፍ ይከብደኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ክንዴ ገና አልጠነከረም። መጋቢት 18 አንድ ጊዜ ይደገምልኛል። ያ የመጨረሻዬ ነው።

ጾሙን አልፈታሁም። ስለዚህ አይጨነቁ።

ልጅዎ እስከዳር


መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጽጽቃ

ልጄ እስከዳር፣

ቶሎ ቶሎ አነበብሁላት። እናትሽ ግን ቶሎ ቶሎ አትሰማም። ማሽላ የምታበጥርበትን ሰፌድ መሬት አስቀመጠችና "እስቲ እንደገና" አለችኝ። እንደገና አነበብሁ። "አንተ ሰውየ፣ ልጄን በባዶ ሆዷ ባሕር ውስጥ ከተትካት" አለች። ነገሩን አስቤበት መሆኑን ብነግራት "ያሰብክበት ራስ ውኃ ገብቶ ያውቃል?" አለችኝ። ሰፌዷን አንስቼ አቀበልኋት። ከሠርጋችን ጀምሮ ስረታላት ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያውን አልነግርሽም።

ከደብዳቤው ጋር ያለው ከረጢት በሶ ነው። እናትሽ ናት ቆልታ ያስፈጨችው። "ጠዋት ጠዋት ብዪ በላት" ብላኛለች፤ ቃሏን አድርሻለሁ። እኔ ግን ብዪም አትብዪም ማለት አልችልም። የጾም ሰዓት በመሪጌታ ቃል አይፈታም፤ የነፍስ አባት ነው የሚፈታው። የነፍስ አባትሽ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እግሬን ወደዚያ ቤት አዞርሁት፤ እግሬ እምቢ አለ። ነገ እንደገና አዞረዋለሁ።

ከዚያ ወደ አበርገሌ እወርዳለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ለእናትሽም ገበያ ነው ብያታለሁ። አላመነችኝም።

አባትሽ ወልደ ኢየሱስ


መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማሠልጠኛው

አባየ፣ በሶው ደረሰ። ከረጢቱ ሲፈታ ማደሪያው ሁሉ የቤታችን ሽታ ሸተተ፤ ጥቂት አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ማታ ማታ በጥብጠን ጠጥተናል። ጠዋት ግን አልነካሁትም። እርስዎ ብዪ ካላሉኝ አልበላም፤ ብዪ ይበሉኝ ብዬም አልለምንዎትም።

በቀደመው ደብዳቤዬ የዘለልኩትን ልጻፍ። አሠልጣኝ በእውቀቱ ያለኝ "ሌላ ሰው ልታድኚ ስትገቢ ራስሽን ሌላ ሸክም አድርገሽ አትግቢ" ነው። ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ነው ብዬ ማሰቤ ደግሞ እርስዎን መክዳት መሰለኝ። ሁለቱ መካከል ስገላበጥ ትግስት ከታች "ወይ ተኚ ወይ ውረጂ" አለችኝ።

አባየ፣ ወደ ቤት መመለስ አልፈልግም። እንዲህ በግልጽ ጽፌልዎት አላውቅም። እናንተን ጠልቼ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የነማንጠግቦሽ ቤት የተቃጠለ ጊዜ መንደሩ ሁሉ በጀሪካን ውኃ ሲያመላልስ፣ ውኃው ከምንጩ እስኪደርስ ክዳኑም ግድግዳውም አለቀ። ሰው በመትረፉ እልል ተባለ። እኔ ግን ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ቆሜ፣ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ እንዴት ይጠፋል እያልኩ ተናደድኩ። ያ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። አሁን እየሆንኩ ነው፤ አንድ ገንዳ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሌላ ልጠይቅዎት። ምንዋጋው በአበርገሌ መንገድ እንዳየዎት ነግሮኛል። ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አስረው ይዘዋል አለ። አጠገብዎ ደግሞ መምሬ አሥራተ ማርያም ተቀምጠው፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዛችሁ ነበር አለ። ጀሪካኑን አመንኩት። ጃንጥላውን ግን ሌላ ሰው አይቶ ይሆናል አልኩት።

ልጅዎ እስከዳር


መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጽጽቃ

ልጄ እስከዳር፣

ይህን የምጽፍልሽ ራሴን ወደ ቀኝ አዘንብዬ ነው፤ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የተከዜ ውኃ አለ። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪ በእርጅና አትፍረጂብኝ።

ምንዋጋው ያየው ሁሉ እውነት ነው። ከጃንጥላው ልጀምር። መምሬ አሥራተ ማርያም ደጅ ቆሜ "ቤቶች" አልሁ። ድምፄን አወቁት፤ በሩን ግን አልከፈቱም። ደግሜ ተጣራሁ። ከውስጥ ሆነው "ወረብ ልትጀምር ከሆነ አጭሩን ጀምር" አሉኝ። ልመለስ ነበር፤ አንቺን አስቤ ገባሁ። ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው። ስለ አያ ጓንጉል ያለው ላይ ስደርስ ሳቁ፤ "ጾሙን አልፈታሁም፣ ስለዚህ አይጨነቁ" ያልሽው ላይ ስደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ልጅቱ የሰው ነፍስ ልታድን ነው የምትማረው፤ ለሆዷ አይደለም የምትበላው" አሉ። "ጠዋት ጠዋት የጾም እህል ትቅመስ። ፈተናው ሲያልፍ ወደ ሰዓቷ ትመለሳለች።"

ይህን ሰምቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ታውቂኛለሽ። "በልታም ብትሰጥምስ? ተከዜ ወርጄ ራሴ ልሞክረው ነው ያሰብሁት" አልኋቸው። "እንግዲያው ሂድና ራስህ ግባበት፤ ለየው" አሉኝ። "ብቻዬን?" ስላቸው "አንተ ከሰጠምህ ለፋሲካ ወረቡን ማን ሊመራልኝ ነው?" ብለው በትራቸውን አነሱ። እንዲህ ሆነን ተነሳን።

ተከዜ አበርገሌ ላይ ከግድቡ ወዲህ ባሕር ሆኗል፤ ብታዪው ታዝኛለሽም፣ ትደሰቻለሽም። እንዳለው የሚባል ዓሣ አጥማጅ አገኘን። ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ ሲለን ዋና አልነው። ሁለታችንንም ከጥምጥም እስከ ጫማ አየን። አዞ እንዳለ ጠየቅሁት። "አለ፤ ወደዚህ ዳር ግን አይመጣም። ቢመጣም ሽማግሌ አይወድም" አለኝ። በምን ልብስ እንደገባሁ አትጠይቂኝ። ጀሪካኖቹን በብብቴ ሥር አሠረልኝና ገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ሥርዓቱ እህል ሳልቀምስ ነበር። ጥቂት እንደተወራጨሁ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዓይኔ ጭልም አለ። ያልሽው ጭልምታ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁት። እኔ ጀሪካን ነበረኝ፣ እንዳለውም ክንዴን ይዞኝ ነበር። አንቺ ግን ሰው የሚያህል ሸክም ይዘሽ ነበር የገባሽው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሰምተሽኝ ነው፣ ቃሌን አምነሽ ነው፤ ከዚያ በኋላም ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ ጻፍሽልኝ። ልጄ፣ ክንድሽ ምንም አልሆነም። ምክሬ ነው የጎዳሽ። ይቅር በይኝ።

በማግሥቱ ጠዋት መምሬ በሶ በጣሳ በጥብጠው ሰጡኝ። "ላንተም ፈቅጄልሃለሁ" አሉኝ። መጾም ከጀመርሁበት ከልጅነቴ ወዲህ በሁዳዴ ጠዋት እህል ወደ አፌ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣሳውን ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥሁት። እሳቸው እንዳያሳፍሩኝ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩልኝ። ጠጣሁ። ፀሐይዋ ትንሽ ከፍ እስክትል ተቀምጠን ከቆየን በኋላ ገባሁ።

ልዩነቱን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። እጄ ታዘዘኝ፣ እግሬ ታዘዘኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ሰማዩን አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ ያን ያህል ደስታ ከየት መጣ እላለሁ። መውጣት አስጠላኝ። መምሬ ከዳር ጃንጥላችንን ዘርግተው "ረዘመ፣ ይብቃ፣ ፀሐይ መታን" ብለው ጮኹ። በዚህኛው ጊዜ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ብዪ። የነፍስ አባትሽ ፈቅደዋል፤ የሥጋ አባትሽም ብዪ ይልሻል። በሶውን ከጠጣሽ በኋላ ጥቂት ቆይተሽ ግቢ። ማማተቡን ግን አልተውልሽም፤ እሱን በጾምም በቁርስም አድርጊው።

እናትሽ አጠገቤ ቆማ "ምን አልኩህ" እያለች ነው። ይህንንም ጻፍ ስላለችኝ ጽፌዋለሁ።

አባትሽ ወልደ ኢየሱስ


መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማሠልጠኛው

አባየ፣ ሰላምታውን ወደ ታች አደርገዋለሁ፤ አስቀድመው ይህን ያንብቡ። አለፍኩ።

አሁን እንደምን ሰነበቱ? ጆሮዎስ? ስልካችን እሑድ ይመለስልናል፤ ምንዋጋው ግን ነገ ስለሚነሳ ይህ ደብዳቤ ስልኩን ይቀድመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ለርስዎ በስልክ መናገር አይሆንልኝም።

በደብዳቤዎ ይቅርታ የጠየቁኝን ቦታ አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት። እርስዎ እኔን ይቅርታ ሲጠይቁ ማየት አልቻልኩም። ከዚያ መልሼ ፈታሁትና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያለቀሱበትን አነበብኩ፤ እኔም አለቀስኩ። ቀጥሎ ጃንጥላው መጣ፤ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ትግስት ያበድኩ መስሏት ደብዳቤውን ቀማችኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ እሷ ጮክ ብላ ለማደሪያው ሁሉ አነበበችው። አሁን እዚህ የርስዎን ጆሮ ጤና የማይጠይቅ ሠልጣኝ የለም። አሠልጣኝ በእውቀቱ ሳይቀር ሰምቶ፣ ራስዎን አዘንብለው በአንድ እግር ይዝለሉ ብሏል። ወረብ ላይ ቢያደርጉት ማንም አያውቅብዎትም።

ጠዋት በሶውን ትግስት በጠበጠችልኝ። እኔም እንደርስዎ ጣሳውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ልጆቹም እንደ መምሬ ፊታቸውን አዞሩልኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ ደብዳቤዎን ሰምተው ነው። የየትኛውም አገር ሰው ለሚያፍር ሰው የሚያደርገው ያው ነው መሰለኝ። ገንዳው ዳር ስንሰለፍ አሠልጣኝ በእውቀቱ "ጠዋት ምን በላሽ?" አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሰልፈኛው በአንድ ድምፅ "በሶ" ብሎ መለሰልኝ።

አማትቤ ገባሁ። ቡትሴ ከበደኝ፣ ልብሴ ከበደኝ፣ አያ ጓንጉል ከሁሉ ከበደኝ። ባለፈው ዓይኔ የጨለመበት ቦታ ስደርስ ፈራሁ። ጥምጥምዎን አውልቀው ተከዜ ላይ በጀርባዎ የተንሳፈፉት በዓይኔ መጣ፤ ውኃ ውስጥ ሆኜ ሳቅኩና ውኃ ዋጥኩ። ግን አልጨለመብኝም። ዳር ደረስኩ፤ እሱንም አወጣሁት። ሁሉም እልል አሉ። ለአያ ጓንጉል ይንገሩት፤ እሱን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ አሻንጉሊቱ ግን እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለኝም።

እናቴን "ምን አልኩህ" ያልሽው ልክ ነበር ብላለች ይበሏት፤ ይገባታል።

የመምሬን መስቀል በርቀት ስሜያለሁ። እንዳሉኝም ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጾም ሰዓቴ ተመልሻለሁ።

ለፋሲካ ጥቂት ቀን ፈቃድ ሰጥተውናል። ከበዓሉ ማግሥት እርስዎ፣ መምሬና እኔ ወደ አበርገሌ እንወርዳለን፤ እናቴም ከመጣች ጃንጥላውን እሷ ትይዛለች። ያለ ጀሪካን መንሳፈፍ አስተምርዎታለሁ። ያን ጊዜ ጾሙም ያልቃል፤ ፈቃድ የሚጠይቁት ሰው አይኖርም።

ብቻ አንድ ነገር አደራ፣ አባየ። ቁርስዎን በልተው ይጠብቁኝ።

ልጅዎ እስከዳር